ሰፈራ ምንድን ነው? ከሜጫ እስከ ፓዌ

«ሰፈረ» ሁለት ፍቺ አለው። ጦር ሲሰፍር ድንኳን ይተክላል፤ እህል ሲሰፈር በቁና ይለካል። ሰፈራ የምንለው ነገር ከሁለቱም አለበት፦ ሰው ከቀየው ተነስቶ ሌላ አገር ይተከላል፣ ከዚያ ቀለቡም መሬቱም ተለክቶ ይሰጠዋል። ጠቡ የሚነሳው ከለኪው ላይ ነው። መሬቱን የለካው መንግሥት ሲወርድ የሚመጣው መንግሥት ልኬታውን ላያውቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ በትእዛዝ የመጣው ሰፋሪ በአንድ ሌሊት «መጤ» ሆኖ ያድራል። ጎጃም ይህን ደጋግሞ ያየ አገር ነው፣ ደጋውም ቆላውም።

በደጋው መሬት ለብዙ ዘመን የተያዘው በርስት ነበር። ርስተኛ ለመሆን አገሩን ካቀና ሰው፣ ዋና አባት ከሚባለው፣ መወለድ ያስፈልጋል። ቆጠራው በአባትም በእናትም ይሄዳል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ጭሰኛ ሆኖ ማረስ ይችላል፣ ባለመሬት ግን አይሆንም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለርስተኛው ማጽናኛ፣ ለመጤው ማስጠንቀቂያ ነበር። ቀዳዳው ጋብቻ ነው። መጤው የባላገሩን ልጅ ካገባ እሱ ባይካፈልም ልጆቹ በእናታቸው ቆጥረው ይካፈላሉ። በእናት መቆጠሩ ስንቱን እንግዳ ባላገር እንዳደረገ አገሬው ብዙም አያነሳውም።

ከላይ በንጉሥ ትእዛዝ የተደረገ ሰፈራም አዲስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ሱስንዮስ ወጣትነቱን ከኦሮሞዎች ጋር ያሳለፈና በጦርነትም በእነሱ የተደገፈ ስለነበር፣ የተለያዩ የኦሮሞ ጎሳዎችን በጎጃምና በቤጌምድር አስፍሯል። የዛሬዎቹን ወረዳዎች ስም ልብ ብሎ ያነበበ ይደርስበታል፦ ሜጫ፣ ይልማና ዴንሳ፣ ባሶ ሊበን። ሜጫ፣ ይልማና፣ ዴንሳ፣ ሊበን የጎሳ ስሞች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ልጆቻቸው ክርስትና ተነስተው፣ አማርኛ ተናግረው፣ የርስት ክርክር ውስጥ ገብተው ጎጃሜ ሆነዋል። ዛሬ የሜጫን ሰው ሰፋሪ የሚል የለም። ይህ ሁሉ ግን በሰላም ብቻ አልሆነም፤ ንጉሡ ሲያሰፍር ከፊሉ ዓላማው ዳር አገሩን በታማኝ ጦር ማጠር ነበር፣ ነባሩን ደግሞ የጠየቀው አልነበረም።

ነባሩ ለመሬቱ ምን ያህል እንደሚጨነቅ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን ወደ ቀበሌው አላስገባም አለ። ብሩ ብቻ አይደለም ያስቆጣው። ገማች ከመጣ ቀላድ ጣይ፣ መሬት በገመድ የሚለካው፣ ይከተላል፣ ቀላድ ከተጣለ ርስት ያበቃል ብሎ ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም በመጨረሻ አገረ ገዢውን አንስቶ ውዝፉን ምሯል።

ርስትን ያፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ጭሰኛው ተጠቀመ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ «ይህ መሬት ባዶ ነው» ብሎ የመወሰን ሥልጣን መንግሥት እጅ ገባ። መተከል ላይ የደረሰውን ለመረዳት ይህችን አንድ ቃል፣ ባዶ የምትለዋን፣ መያዝ ይበቃል።

መተከል ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር፤ ነባሮቹ ጉሙዝ፣ ሺናሻና አገው ናቸው። የጉሙዝ እርሻ ተዘዋዋሪ ነው። ጫካው በመጥረቢያ ይመነጠራል፣ ይቃጠላል፣ በመቆፈሪያ ተቆፍሮ ማሽላ፣ ዳጉሳ ወይም ሰሊጥ ይዘራል። ጥቂት ዓመት ታርሶ አፈሩ ሲደክም ለብዙ ዓመት ይተዋል። የተተወው መሬት ባለቤት አለው፤ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ እዚያ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። ከዚያውም ማር ይቆረጣል፣ ቀርከሃ ይመጣል፣ ይታደናል። ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጥቶ ከመንገድ ዳር የሚያይ ባለሙያ ግን የሚያየው ቁጥቋጦ ነው። ባዶ ብሎ ይመዘግበዋል።

በ1977ቱ ረሃብ ደርግ 300,000 ቤተሰብ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ ለማስፈር አቀደ። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ወደ 80,000 የሚደርሰው መተከል ውስጥ በለስ ወንዝ አካባቢ ፓዌ ላይ ወረደ፤ አብዛኛው ከወሎ፣ ብዙው ደግሞ ከከምባታና ሐዲያ። መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው፦ መንደር 1፣ መንደር 2 እያለ ይቀጥላል። ጎጃም ውስጥ ሰው በአቦ፣ በጊዮርጊስ፣ በወንዝ ስም አገሩን ሲጠራ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን የፓዌ ሰው መንደሩን በቁጥር ነው የሚነግርህ።

በጎ ፈቃድ ነው ቢባልም ግዴታው ብዙ ነበር፤ ኮታ የተጣለበት ካድሬ ኮታውን መሙላት ነበረበት፣ ቤተሰብም ተለያየ። ከደጋ የመጣው ሰው ቆላው ሲገባ ወባ ጨረሰው። በሬውንም ገንዲ ጣለው። ገንዲ በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በሬው ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ በእርሻ ወቅት ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሬ የሌለው የደጋ ገበሬ ደግሞ እጁ የታሰረ ነው። በጣሊያን መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት በትራክተር አረሰለት፣ ቀለብ ሰፈረለት፣ ሥራው በአምራች ማኅበር ሆኖ ድርሻው በሥራ ነጥብ ይቆጠር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም ቆመ። ትራክተር የለም፣ ቀለብ የለም፣ በሬ የለም። ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ፤ የቀረው በራሱ መንገድ ማረስ ጀመረ።

ከነባሩ ጋር የነበረው ችግር ከዚህ የከፋ ነው። ቀድሞ ደገኛው ወደ ጉሙዝ አገር የሚወርደው አንድ አንድ እየሆነ ነበር፤ ወዳጅ ይይዛል፣ ያ ወዳጁ ዋስ ይሆነዋል፣ ደም ከፈሰሰም «ማንጊማ» በሚባለው የጉሙዝ ሽምግልና ሽማግሌ ተቀምጦ ይታረቃል። በካሚዮን የወረደው ሰፋሪ ወዳጅ አልነበረውም። ያስገባው መንግሥት ስለሆነ ጉሙዙ መንግሥትን ሊጠይቀው የሚገባውን ከሰፋሪው ጠየቀ። አንድ ሰው ሲገደል በቀሉ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን የገዳዩን ወገን ሁሉ ያገኛል፤ ሽምግልናውም የሚይዘው አጣ። ብዙ ጊዜ «ቀይ» (ደገኛው) እና «ጥቁር» (ጉሙዙ) ተጣሉ እየተባለ ይወራል። በእኔ ግምት ይህ አነጋገር የመሬቱን ጉዳይ ይሸፍነዋል።

ከ1983 በኋላ መተከል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አካል ሆነ። የክልሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት አድርጎ ሌሎቹን ነዋሪነታቸው የታወቀ ሕዝቦች ይላል። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የመኖር መብት አለው ይላል። ሰፋሪው 32ን ይጠቅሳል፣ ነባሩ ደግሞ ብሔሮች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድራሉ የሚለውን 39ን። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሲጋጩ ግን አንዱ ይመረጣል። በ1992ቱ ምርጫ በክልሉ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አልቻሉም ተብለው ከእጩነት የታገዱ ነበሩ። ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1995 ዓ.ም. ክልሉ የሚሠራበትን ቋንቋ ማወቅ ይበቃል ተባለ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ መንገዱ ተከፈተ። ፓዌ በበኩሉ ልዩ ወረዳ ተብሎ የራሱ ምክር ቤት ኖረው።

በ1995 የተጀመረው ሁለተኛው ዙር ሰፈራ ከዚህ የተማረ ይመስላል። ሰፈራው በክልል ውስጥ ብቻ ሆነ፤ የአማራ ክልል ካሰፈረባቸው አንዱ ጃዊ ነው። ሰፋሪው እስከ 2 ሄክታር ያገኝ ነበር፣ ጥሎት የመጣው መሬትም እስከ 3 ዓመት ድረስ ይጠበቅለት ነበር፣ ካልተስማማው እንዲመለስ። ጥሩ አንቀጽ ነበረች፤ ግን የሚጠብቀው የትውልድ ቀበሌው ነበር፣ ቀበሌው ደግሞ መሬት ፈላጊ ወጣት ነበረበት። ሰፋሪ ሆኖ የሚሄድ ሰው የይዞታ ደብተሩን ይዞ መሄድ፣ መሬቱን ማን በአደራ እንደያዘው በጽሑፍ ማስቀመጥና ግልባጩን ወረዳው መሬት አስተዳደር ማስገባት አለበት። በቃል የተውት ብዙዎች ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው አርሶት አግኝተዋል።

ከሁሉ ደካማው ግን ማንም ያላሰፈረው ነው። ከጎጃም ደጋ ወርዶ፣ ዓባይንም ተሻግሮ፣ ከነባሩ ጋር ምርት እየተካፈለ፣ በእኩል ወይም በመጋዞ፣ የሚያርስ ገበሬ ማለት ነው። ውሉ በቃል ነው፤ ምስክሩ ሁለት ሽማግሌ። ጫካ መንጥሮ፣ ቤት ሠርቶ፣ ሰሊጥ ዘርቶ አሥር ዓመት ቢቀመጥም በወረዳው መዝገብ የለም። «ሕገወጥ ሰፋሪ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ ነው። በ2005 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺ ዞን በሺህ የሚቆጠሩት ተባረሩ፤ ክልሉ በኋላ ስህተት ነበር ብሎ እንዲመለሱ አደረገ። ውላቸው ግን ያው የቃል ውል ሆኖ ቀረ።

ታኅሣሥ 14፣ 2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰው ተገደለ። ሟቾቹ ሰፋሪ ብቻ አልነበሩም፤ ሺናሻዎችም ነበሩባቸው፣ ነባሮቹ። የተረፉት ተራራውን ወጥተው አማራ ክልል ወዳለችው ቻግኒ ከተማ ሸሹ። ያረፉትም ራንች በሚባለው ቦታ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ቀለብ እየተሰፈረላቸው ነበር።