ፕላኔትም ኮከቧን ትረብሻለች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፀሐያችን ውጪ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች በሺዎች ተገኝተዋል። ስለ እነሱ ሲወራ ግን ኮከቡ ሁሉን አድራጊ፣ ፕላኔቷ ዝም ብላ ተቀባይ ትመስላለች። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

«ኮከቡ ቆሞ ፕላኔቷ ትዞረዋለች»

ሁለቱም የሚዞሩት የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ነው። ኮከቡ ስለሚከብድ እንቅስቃሴው ያንሳል እንጂ አይቆምም። ጁፒተር ፀሐያችንን በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ያወዛውዛታል፤ ምድር ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮር እና ዲዲዬ ኬሎ 51 ፔጋሲ ቢ የተባለችውን ፕላኔት ያገኙት እሷን በዓይን አይተው አይደለም። ኮከቧ በየ4.2 ቀኑ ስለሚወዛወዝ ብርሃኑ ወደ እኛ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀይ ሸርተት ይል ነበር። ይህ ሥራ በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

«ምሕዋር አንዴ ከተያዘ አይለወጥም»

ይለወጣል፣ ያውም እየተለካ። ዋስፕ-12ቢ የተባለችው ፕላኔት ኮከቧን በ26 ሰዓት ትዞራለች። ጨረቃ ውቅያኖሶቻችንን እንደምታሳብጥ ሁሉ፣ እሷም የኮከቡን አካል ታሳብጠዋለች። ኮከቡ በራሱ ዛቢያ የሚሽከረከረው ከእሷ ዙረት ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ከኋላዋ ይቀርና ወደ ኋላ ይጎትታታል። ጉልበት ባጣች ቁጥር ወደ ኮከቡ ትቀርባለች። የዙረቷ ጊዜ በየዓመቱ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ያጥራል። በዚህ ከቀጠለች በ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ኮከቡ ይውጣታል። ይህ ለከዋክብት በጣም አጭር ጊዜ ነው።

«ርቀቷ ለኑሮ ከተመቸ ሕይወት አለባት»

ርቀት የሚነግረን ስለ ሙቀት ብቻ ነው። ከእኛ 4.2 የብርሃን ዓመት ላይ ያለችው ፕሮክሲማ ቢ የተባለች ፕላኔት ከኮከቧ ያላት ርቀት ለፈሳሽ ውኃ ይመቻል ይባላል። ኮከቧ ግን ቁጡ ነው፤ በየጊዜው ኃይለኛ ጨረር ይረጭባታል። እንዲህ ያለ ጨረር ከባቢ አየርን ቀስ በቀስ ሊገፍፍ ይችላል። «ሁለተኛዋ ምድር ተገኘች» የሚሉ ርዕሶች ይህን ሳይነግሩን ማለፋቸው ያሳዝናል።

«የኮከቡ ፍንዳታ ከፕላኔቷ ጋር አይገናኝም»

ፍንዳታ ስንል ኮከቡ ድንገት የሚረጨው ጉልበት እንጂ የኮከቡ መጥፋት አይደለም። አባባሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነ ጥናት ግን ሂፕ 67522 በተባለ ለጋ ኮከብ ላይ ሌላ ነገር አሳይቷል። ፍንዳታዎቹ የሚበዙት ቅርቧ ፕላኔት በፊቱ በምታልፍበት ሰሞን ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ፕላኔቷ የኮከቡን መግነጢሳዊ መስክ ትነካካለች፤ ያ ነው ፍንዳታውን የሚቀሰቅሰው። ፍንዳታው ደግሞ ተመልሶ የሚያርፈው በራሷ ከባቢ አየር ላይ ነው።