የቼዝ ጨዋታን በነፃ የብሮውዘር መሣሪያዎች መመርመር፦ ለወሎ ተጫዋቾች

ተጫውተው የጨረሱትን ቼዝ መለስ ብሎ ለመመርመር ገንዘብ አያስፈልግም። ብሮውዘር ያለው ስልክ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ይበቃል። ከነፃዎቹ ቀዳሚው ሊቼስ ነው፤ ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው፣ ማስታወቂያ የሌለበት፣ በልገሳ የሚተዳደር አገልግሎት። ቼስ ዶት ኮምም የነፃ መመርመሪያ ሰሌዳ አለው፤ ጨዋታውን በቃላት የሚያብራራው «ጌም ሪቪው» ግን ላልከፈለ ሰው የተገደበ ነው። በሁለቱም ላይ ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ኤንጂን፣ ማለትም ቦታውን አስልቶ የተሻለውን እንቅስቃሴ የሚናገር ፕሮግራም፣ ይገኛል።

በኦንላይን የተደረገ ጨዋታ በራሱ ይመዘገባል። አስቸጋሪው በሰሌዳ የተደረገው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሻይ እየተጠጣ የሚደረግ ጨዋታ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ማንም ኤንጂን አይመረምረውም። ስለዚህ ሥራው ከወረቀትና ከእስክሪብቶ ይጀምራል። የጻፉትን በሊቼስ መመርመሪያ ሰሌዳ ላይ ጠጠሮቹን እያንቀሳቀሱ ማስገባት ይቻላል፤ ወይም የጨዋታው እንቅስቃሴዎች በጽሑፍ በሚመዘገቡበት በፒጂኤን ቅርጽ ተይቦ መለጠፍ። ሲለጠፍ ገጹ ማንበቡን መሃል ላይ ካቆመ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ፈረስን በ«ኬ» መጻፍ ነው፤ «ኬ» የንጉሥ ናት፣ ፈረስ «ኤን» ነው። ሁለተኛው፣ ሁለቱ ፈረሶች ወደ አንድ ቤት መሄድ ሲችሉ የትኛው እንደሄደ አለመለየት።

ጨዋታው ጭራሽ ካልተጻፈ፣ ወሳኙ ቦታ ላይ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። በኋላ በሰሌዳ ማዘጋጃው ላይ ጠጠሮቹን እንደ ፎቶው መደርደር ነው። እዚህ ላይ ተራው የማን እንደሆነና ካስሊንግ አሁንም ይቻል እንደሆነ በትክክል ይሞላ። ጥቁር የሚጫወትበትን ቦታ ለነጭ ተራ ሰጥቶ መመርመር ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል፤ ሰውም «ኤንጂኑ ተሳስቷል» ይላል።

ቀጥሎ ያለው የዳታ ጉዳይ ነው። ሊቼስ ላይ ምርመራው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው «የኮምፒውተር ትንታኔ ጠይቅ» ሲባል ነው፤ ስሌቱን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ያዋሷቸው ኮምፒውተሮች ስለሆኑ ስልክዎ አይደክምም፣ የሚወርደውም ዳታ ጥቂት ነው። ለዚህ አካውንት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኤንጂኑን እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ማሠራት ነው። ያኔ ኤንጂኑ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ትንሹ ወደ 7 ሜጋባይት ሲሆን ትልቁ ከዚያ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ትንሹ ከበቂ በላይ ነው፤ በሌሊት ፓኬጅ ወይም በግቢ ዋይፋይ ያለ ሰው ትልቁን ያውርድ። አንዴ ከወረደና ገጹ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥም ስሌቱ ይቀጥላል፣ ገጹ እንደገና ካልተጫነ በቀር። ስልኩ ከጋለ ኤንጂኑ የሚያሳያቸውን አማራጭ የእንቅስቃሴ መስመሮች ወደ አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ማድረግ ነው።

ውጤቱ በወታደር ዋጋ በተለካ ቁጥር ይመጣል። ከዜሮ በላይ ከሆነ ነጭ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ጥቁር የተሻለ ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው 0.3 ወይም 0.4 ለሆነች ልዩነት መጨነቅ ነው። በዚያ ደረጃ ልዩነቷ ጨዋታ አትወስንም፤ ሁለት ሦስት ነጥብ በአንድ ጊዜ የወደቀበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል። የ«ትክክለኛነት» ፐርሰንቱንም ብዙ ማመን አያስፈልግም፤ ጠጠር ተለዋውጦ በፍጥነት አቻ የወጣ ጨዋታ ለማንም ከፍ ያለ ፐርሰንት ይሰጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጣሊያን መክፈቻ የነጭ ፈረስ ጂ5 ላይ ወጥቷል፤ ጥቁር በዲ5 ወታደር መልሷል፤ ነጭ በላው። ጥቁር በኤፍ6 ፈረሱ መልሶ ቢበላ ወታደሩን ያስመለሰ ይመስላል፤ ኤንጂኑ ግን ስህተት ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ለምን? ኤንጂኑ ሰሌዳው ላይ የሚያሳያትን ቀስት ብቻ አይቶ ማለፍ ምንም አያስተምርም። ነጭ ኤፍ7 ላይ ፈረሱን ይሠዋል፤ ንጉሡ ሲበላ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ንጉሡንና የዲ5ን ፈረስ በአንድ ላይ ታጠቃለች፤ ፈረሱን ለማዳን ንጉሡ ወደ ኢ6፣ ወደ ሰሌዳው መሃል ይገባል። ኤንጂኑ በምትኩ የሚመክረው የሲ6 ፈረስ ወደ ኤ5 ሄዶ ቢሾፑን እንዲያስጨንቅ ነው። ይህን በእጅ እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው መከተል ነው ምርመራ የሚባለው። ሊቼስን በኮምፒውተር ለሚሠራ፣ የ«ኤክስ» ቁልፍ ተራው የርስዎ ሲሆን ተቃዋሚዎ ምን እያሰበ እንደሆነ ታሳያለች፤ ብዙዎች የማያውቋት፣ ግን ከሁሉም የምትጠቅም ቁልፍ ናት። «ኤል» ኤንጂኑን ታበራለች፣ ታጠፋለች።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። መጀመሪያ ኤንጂኑ ጠፍቶ ጨዋታውን ለራስ መከለስና «እዚህ ጋ ይህን አስቤ ነበር» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ ማብራት። ገና ከመነሻው ካበሩት ዐይን ከቁጥሩ ላይ አይነቀልም።

መክፈቻውን ለማየት በዚያው ገጽ የማስተሮች ጨዋታዎች ስብስብ አለ፤ የተራ ተጫዋቾችንም በደረጃ ለይቶ ማየት ይቻላል። ሰሌዳው ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች ሲቀሩ ደግሞ ግምት ያበቃል፤ የመጨረሻ ጨዋታ ሠንጠረዡ ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም አቻ መሆኑን በእርግጠኝነት ይናገራል።

ጥንታዊውን የሀገራችንን የሰንጠረዥ ጨዋታ በእነዚህ መሣሪያዎች ለመመርመር የሚሞክር ግን አይሳካለትም። በሱ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ ፒጂኤን የሚጽፈው ቅደም ተከተል የለም።

ጨዋታው ገና እየተካሄደ ኤንጂን መክፈት አካውንት ያዘጋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ይሁን። የተመረመረውን ጨዋታ «ስተዲ» በተባለው የሊቼስ የጋራ ማስታወሻ ውስጥ ከነማስታወሻው አስቀምጦ ሊንኩን መላክ ይቻላል፤ አንዱ ስተዲ እስከ 64 ምዕራፍ ይይዛል፤ ወልድያና ደሴ ያሉ ሁለት ተጫዋቾችም እየተፈራረቁ እዚያው ላይ ሊጽፉ ይችላሉ።