እንግሊዝኛን በኦንላይን መርጃዎች ማስተማር፦ የቱ ለየትኛው ተማሪ?

እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያገለግል ነገር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ቪድዮው፣ ፖድካስቱ፣ ጨዋታው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ አፑ ማለቂያ የለውም። ብዙው በነጻ ይገኛል። አስተማሪን የሚያደክመው ምርጫው ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ መዝሙር ለነርስ አይሆናትም። እሷን የሚጠቅማት የሐኪምና የታካሚ ንግግር ደግሞ ልጁን ያሰለቸዋል። ሁለቱም ጥሩ መርጃዎች ናቸው። ያለ ቦታቸው ሲገቡ ግን ጊዜ ይበላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ተማሪውን ማወቅ፣ ከዚያ መርጃውን መፈለግ ይሻላል።

ከሬዲዮ ወደ ስልክ

እንግሊዝኛን ከርቀት ማስተማር ኢንተርኔትን ይቀድማል። ቢቢሲ በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለ ዝግጅት ጀመረ። ዜናው የሚጻፈው ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት ነበር። አረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ አንባቢውም ከተለመደው ፍጥነት ቀነስ አድርጎ ያነብ ነበር። ጀማሪው እውነተኛ ዜና እየሰማ ቋንቋውን ይለምድ ነበር። ዛሬ ለተማሪ ተብለው ከሚዘጋጁት ፖድካስቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መላ ነው። የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በስድስት ደቂቃ አንድ ርእስ ያነሳል፤ ከበድ ያሉትን ቃላት ያብራራል፤ ጽሑፉንም አብሮ ያወጣል። ብሪቲሽ ካውንስል ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች ለየብቻ የተዘጋጁ ድረ ገጾች አሉት። ከየት ልጀምር ለሚል አስተማሪ እነዚህ ሁለቱ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ደረጃን መለየት

የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው መለኪያ የቋንቋ ችሎታን በስድስት ደረጃ ይከፍላል። ከኤ1 ይጀምርና በሲ2 ያበቃል። ኦንላይን ካሉት መርጃዎች ብዙዎቹ ይህን ምልክት ይለጥፋሉ፤ ለፍለጋ በጣም ይረዳል። ነገር ግን አንድ ሰው ሁሌም አንድ ደረጃ ብቻ የለውም። ሰዋስው በደንብ የተማረ ሰው ሲያነብ ቢ1 ይሆናል፤ አፉን ሲከፍት ግን ከኤ1 አያልፍም። ኦንላይን የሚሰጡት ነጻ የደረጃ ፈተናዎች ደግሞ በአብዛኛው ሰዋስውና ቃላትን ነው የሚለኩት። እነሱን ብቻ አምኖ መመደብ ተማሪውን ያሳስታል። ሁለት ደቂቃ ስለ ራሱ እንዲናገር አድርጎ ድምፁን መቅዳት ከፈተናው የበለጠ ይናገራል።

ለንባብ የሚሆነውን ለመምረጥ ሌላ ቀላል መለኪያ አለ። የቃላት ትምህርትን ያጠኑ ምሁራን እንደሚሉት፣ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በምቾት ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ንባቡ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ብቻ ይሆናል። ተማሪው ግማሽ ገጽ አንብቦ የማያውቃቸውን ቃላት ያስምርባቸው። ወዲያው ይታያል።

ሕፃናትና ወጣቶች

ትንንሽ ልጆች ቋንቋን የሚይዙት በድግግሞሽ፣ በዜማና በእንቅስቃሴ ነው። አንድን ተረት ደጋግመው ቢሰሙ አይሰለቻቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ፕራተም ቡክስ የተባለው የሕንድ አሳታሚ በ2015 የከፈተው «ስቶሪዊቨር» ለዚህ ይመቻል። ሥዕል ያላቸውን የልጆች መጻሕፍት በንባብ ደረጃ ከፍሎ በብዙ ቋንቋዎች ያቀርባል። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ማውረድ፣ ማተምና መተርጎም ይቻላል። ልጁ ታሪኩን መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሲያየው ትርጉም ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም። ቪድዮ ከሆነ አስተማሪው ወይም ወላጁ አስቀድሞ ይየው። የሚቻል ከሆነም አውርዶ ያሳየው፤ በመሀል የሚገባው ማስታወቂያና ቀጥሎ ብቅ የሚለው ቪድዮ ለልጅ የሚሆን ላይሆን ይችላልና።

ወጣቶች የራሳቸው ፍላጎት አላቸው። በ2013 የወጣው የኖርዌዩ የጥያቄና መልስ ውድድር «ካሁት» ክፍሉን ሞቅ ያደርገዋል። ከሞቅታው በኋላ ግን የሚያወሩበት ጉዳይ ያስፈልጋቸዋል። የሚወዱትን ጨዋታ፣ ስፖርት ወይም ሙዚቃ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዱ ማድረግ ከማንኛውም መልመጃ በላይ ያናግራቸዋል።

ማንበብ ያልተማሩ አዋቂዎች

ኢንተርኔቱ ከሁሉም በላይ የዘነጋው ይህን ተማሪ ነው። አብዛኞቹ አፖች የሚጀምሩት በጽሑፍ ነው። ቃሉን አንብብ፣ ከሥዕሉ ጋር አዛምድ፣ ክፍት ቦታውን ሙላ ይላሉ። በማንኛውም ቋንቋ አንብቦ ለማያውቅ ሰው በሩ ከመጀመሪያው ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መለየት ግድ ነው። አንደኛው በራሱ ቋንቋ አቀላጥፎ ያነባል፤ የላቲን ፊደልን ብቻ ነው የማያውቀው። እሱ የፊደል መለማመጃ ቪድዮና ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ንባብ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ራሱን ነው የሚማረው፤ ያውም በማያውቀው ቋንቋ። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አፕ ሰጥቶ ማስቀመጥ ሁለተኛውን «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ያሰኘዋል። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለእንዲህ ያለ ተማሪ የሕፃናት መዝሙርና ካርቱን ማቅረብም ልክ አይደለም። ልጅ ያሳደገ፣ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነው። ክብሩ ይጠበቅለት። የሚሻለው ድምፅን ማስቀደም ነው። በስልክ የድምፅ መልእክት መላክ ማንበብ አይጠይቅም። አስተማሪው አጭር ጥያቄ በድምፅ ይልካል፤ ተማሪው በድምፅ ይመልሳል። ዕለት ተዕለት የሚጠቀምባቸውን ዕቃዎች በስልኩ ፎቶ ያነሳና ስማቸውን በእንግሊዝኛ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ በመምህራን ዘንድ የታወቀው የተማሪን ታሪክ ወደ ንባብ የመቀየር ዘዴ ይመጣል። ተማሪው በሚችላት ጥቂት እንግሊዝኛ ስለ ውሎው ይናገራል። አስተማሪው የተናገረውን በአምስት ስድስት መስመር ይጽፈዋል፤ በድምፁም ያነበዋል። ጽሑፉና ድምፁ አብረው ለተማሪው ይላካሉ። የመጀመሪያ ንባቡ የራሱ ሕይወት ስለሆነ ቀጥሎ ምን ቃል እንደሚመጣ ያውቀዋል። ምንም አፕ አልተገዛም።

ለሥራና ለፈተና

የሥራ እንግሊዝኛ ጠባብ ግን ጥልቅ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ ደረጃ 4 እንዲኖራቸው የሚያስገድደው ደንብ ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደግሞ ለመርከበኞች መደበኛ የመግባቢያ ሐረጎችን በ2001 አጽድቋል። እንዲህ ያለ የተጻፈ ደንብ ላለው ሙያ መርጃው ደንቡ ራሱ ነው። ሌላው ሠራተኛ የሚጠቅመው የገዛ ሥራው ወረቀት ነው፤ የሚሞላው ቅጽ፣ የሚመልሰው ኢሜይል፣ የሚያነበው መመሪያ።

ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከፈተናው ባለቤት ድረ ገጽ ይጀምር። ቶፍልም ሆነ አይልትስ ነጻ የናሙና ጥያቄዎች አሏቸው። «የወጣ ፈተና» እያሉ የሚሸጡትን አለመንካት ነው። የሙከራ ፈተና ያለህበትን ያሳያል እንጂ ወደፊት አያራምድም።

ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ስህተቱ በአብዛኛው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አለማወቁ ነው። በ2008 ይፋ የሆነው የዘመናዊው አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ (ሰዎች የጻፉትና የተናገሩት የተሰበሰበበት ማከማቻ) ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቃላት ይዟል። ተማሪው አንድ ቃል ያስገባና ሰዎች በምን አገባብ እንደሚጠቀሙበት በዓይኑ ያያል። «ዩግሊሽ» ደግሞ የተፈለገው ቃል የተነገረባቸውን የዩቲዩብ ቪድዮዎች ፈልጎ፣ ቃሉ ካለበት ቦታ ላይ ይከፍታቸዋል። ለአጠራር እንዲህ ያለ ረዳት ድሮ አልነበረም።

ማየትና መስማት ለተሳናቸው

ዓይነ ስውር ተማሪ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) ይጠቀማል። ከእነዚህ አንዱ፣ በ2006 የተጀመረው «ኤንቪዲኤ»፣ በነጻ ይገኛል። ዕንቅፋት የሚሆነው በመዳፊት እየጎተቱ የሚያዛምዱት መልመጃና ማብራሪያ የሌለው ሥዕል ነው። መስማት ለተሳነው ተማሪ አውቶማቲክ ሰብታይትል ይረዳል፤ ስህተት ስለሚበዛበት ግን አስተማሪው ቀድሞ ይመልከተው። የጽሑፍ ቻት ለዚህ ተማሪ እውነተኛ የንግግር መድረክ ነው።

አንድ ድምፅ፣ ሦስት ክፍል

ለእያንዳንዱ ደረጃ አዲስ መርጃ መፈለግ የግድ አይደለም። የሦስት ደቂቃ ቃለ ምልልስ ይወሰድ። ጀማሪዎች የተናጋሪዎቹን ቁጥር፣ የሰሙትን ስምና ቁጥር ብቻ ይያዙ። መካከለኞቹ ሐሳቡን በሦስት አረፍተ ነገር ይናገሩ። ከፍ ያሉት ተናጋሪው የማይስማማበትን እንዴት በጨዋነት እንደገለጸ ይፈልጉ። የሚቀየረው ሥራው ነው፤ ድምፁ ያው ነው።

ቃላትን ላለመርሳት እያራራቁ መከለስ ይረዳል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ስለ መርሳት ያደረገውን ጥናት ያሳተመው በ1885 ነው። በ2006 የወጣው የመከለሻ ካርድ ፕሮግራም «አንኪ» የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ቃሉ ሊረሳ ሲል መልሶ ያመጣዋል። ካርዱ ላይ ነጠላ ቃል ከሚቀመጥ ሙሉ አረፍተ ነገር ይቀመጥ። ለሕዝብ በ2012 የተከፈተው የቋንቋ መማሪያ አፕ «ዱኦሊንጎ» በየቀኑ የመማር ልማድ ያስይዛል። ንግግር ግን ሰው ይፈልጋል።

ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ቪድዮን ትቶ ድምፅና ፒዲኤፍ መጠቀም ዳታ ይቆጥባል። «ኮሊብሪ» የተባለው ፕሮግራም አንዴ የተጫነለትን ትምህርት ያለ ኢንተርኔት ለክፍሉ ያሰራጫል። በነጻ የሚታይ ሁሉ በነጻ ይባዛል ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ ማባዛት የሚፈቅደውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ምልክት ማየት ተገቢ ነው።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ እንደ ሰው እየጻፉ የሚመልሱት ፕሮግራሞች፣ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፣ መጥተዋል። አይሰለቹም፤ ዓይን አፋር ተማሪ ያለ ሀፍረት ይሳሳትባቸዋል። የሚያስተምሩት ግን እንደ አጠያየቁ ነው። «አርምልኝ» ከተባለ ጽሑፉን አሳምረው ይመልሳሉ፤ ተማሪው ምንም ሳይማር ያልፋል። «ስህተቱ ያለበትን መስመር ብቻ አሳየኝ፤ መልሱን አትንገረኝ፤ በኤ2 ደረጃ ቃላት አስረዳኝ» ከተባሉ ሥራው ወደ ተማሪው ይመለሳል። ያልተጣራ ማብራሪያም በልበ ሙሉነት ስለሚሰጡ የሰዋስው መልሳቸውን ከተማሪ መዝገበ ቃላት ጋር ማስተያየት ያሻል። ልጆች ሲጠቀሙባቸው ሙሉ ስማቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውንና ፎቷቸውን እንዳያስገቡ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።