ግሬት ዴን፦ ጥጃ ከሚያክል ውሻ ጋር መኖር

ግሬት ዴን ከዓለማችን ረጃጅም የውሻ ዝርያዎች አንዱ ነው። የውሻ ዝርያዎችን በሚመዘግበው በአሜሪካን ኬኔል ክለብ መስፈርት ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው ቢያንስ 76 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ 81 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ክብደቱ ከ63 እስከ 79 ኪሎ ይደርሳል። ሴቷ ትንሽ ታንሳለች። ቁጥሩን ለጊዜው እንተወውና፣ ይህ ውሻ በአራት እግሩ እንደቆመ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሳህን ይልሳል። በኋላ እግሮቹ ሲቆም ደግሞ ከአብዛኛው ሰው ይረዝማል።

ስሙ ዴንማርክን ቢያስጠራም አገሩ ጀርመን ነው። እዚያ ዶይቼ ዶገ ይሉታል። የጥንት ዘሮቹ በመሳፍንት ግቢ እየተዳቀሉ የዱር አሳማ ያድኑ ነበር። ለዚህ ሥራ ማስቲፍ የሚባለው ግዙፍ ውሻ ጉልበትና ግሬይሃውንድ የሚባለው ሯጭ ውሻ ፍጥነት በአንድ ላይ ያስፈልግ ነበር። አደኑ እየቀረ ሲሄድ አርቢዎች ቁመናውን ይዘው ቁጣውን ቀነሱለት። በ1888 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የዝርያው ክለብ ተመሠረተ።

የዛሬው ግሬት ዴን ታዲያ ሰው ወዳድ ነው። የሚወደውን ሰው ሲያገኝ ጎኑን አስጠግቶ ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል። ያልተዘጋጀ ሰው ይንገዳገዳል። አገር ቤት እንደለመድነው ግቢ ውስጥ ታስሮ ሌባ እንዲያባርር ብቻ የሚፈልገው ሰው ግን ያዝናል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቁመቱን ያየ ሌባም ብዙ አይደፍርም። ነገር ግን ፀጉሩ አጭርና ስስ ስለሆነ ብርድ አይችልም። ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ክርኑ ይቆስላል። ለብቻው ሲተውም ይከፋዋል። ቦታው ቤት ውስጥ፣ ወፍራም ፍራሽ ላይ ነው። ሶፋውንም ለእሱ ትቶ መርሳት ነው።

የዚህን ዝርያ ጠባይ ለማወቅ የጀስት ኒውሳንስን ታሪክ መስማት ይበቃል። ጀስት ኒውሳንስ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ ባለችውና ያኔ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰፈር በነበረችው የሳይመንስ ታውን ወደብ ይኖር የነበረ ግሬት ዴን ነው። የመርከብ መወጣጫ ላይ ተዘርግቶ ይተኛና መርከበኞቹን መንገድ ይዘጋባቸዋል። ስሙም ከዚያ መጣ፤ አስቸጋሪ እንደማለት ነው። መርከበኞቹ ለዕረፍት ወደ ከተማ ሲሄዱ አብሯቸው ባቡር ይሳፈራል። ቲኬት የለውም፣ ደግሞም ወንበር ይይዛል። የባቡር ሠራተኞች ቢያስወርዱት በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል። በመጨረሻ ባቡር ድርጅቱ ይህ ነገር ካልቆመ ውሻው ይገደላል አለ። የባሕር ኃይሉ መፍትሔ አስገራሚ ነበር። በነሐሴ 1939 እ.ኤ.አ. ውሻውን በወታደርነት መዘገበው፤ ለባሕር ኃይል አባል ባቡር በነፃ ነበርና። ሥራ በሚለው መጠይቅ ላይ «አጥንት ሰባሪ» ተብሎ ተሞላለት። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል፣ በሮያል ኔቪ፣ በመደበኛነት የተመዘገበ ብቸኛው ውሻ እሱ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ሲሞት በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። ሐውልቱ ዛሬም ሳይመንስ ታውን ውስጥ ቆሟል። ሲሞት ሰባት ዓመቱ ነበር።

ሰባት ዓመት ለግሬት ዴን ብዙም አጭር አይደለም። አብዛኛው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ይኖራል። ትንሽ ውሻ ግን አሥራ አምስት ሊሞላ ይችላል። በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የውሻ ክብደት በሁለት ኪሎ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በአንድ ወር ገደማ እንደሚያጥር አሳይተዋል። ግዙፍ ውሾች የሚያረጁት ቶሎ ነው። በቁመቱ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው የሚሺጋኑ ዚየስ 111.8 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በአምስት ዓመቱ ሞተ። ኬቨን የተባለው ሌላው ባለ ክብረ ወሰን ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የሞተው በሦስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ «የበለጠ ትልቅ ይሁንልኝ» ብሎ ቡችላ መምረጥ ጥሩ ሐሳብ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አመጋገቡ ላይ ነው። ቡችላው ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ዓመት ሳይሞላው 50 ኪሎ ያልፋል። ይህን ያየ ባለቤት አጥንቱ እንዲጠነክር ብሎ ካልሲየም ይሰጠዋል፣ ወተትና ሥጋ ይጨምርለታል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የቡችላ አንጀት ትርፉን ካልሲየም መልሶ መከልከል ስለማይችል አጥንቱና መገጣጠሚያው ይበላሻል፣ እግሩ ይጣመማል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በራሳቸው በግሬት ዴን ቡችላዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያለ ልክ የበሉት ተመጥኖላቸው ካደጉት ይልቅ የአጥንት ችግር እንዳበዙ አረጋግጠዋል። ለግዙፍ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ መስጠት፣ ካልሲየም አለመጨመር፣ በእጅ ሲዳሰስ የጎን አጥንቱ የሚገኝ ሆኖ ማሳደግ ነው የሚሻለው። የሚደርስበት ቁመት አይቀንስም፤ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ዓመት ተኩል እስኪሆነው ረጅም ሩጫ፣ ደረጃ ማብዛትና ከመኪና መዝለል አይመከርም። የሚያንሸራትት ሴራሚክ ወለል ላይም ምንጣፍ ጣል ማድረግ ነው።

ሲያድግ በቀን ከ600 እስከ 900 ግራም ደረቅ ምግብ ይበላል። በወር ከ18 እስከ 27 ኪሎ ማለት ነው። መድኃኒትና ማደንዘዣ የሚለካው በክብደት ስለሆነ ሐኪም ቤት ያለው ሒሳብም በዚያው ልክ ያድጋል።

ትልቁ ስጋት ግን የሆድ መነፋት ነው። ጨጓራው በጋዝ ይሞላና በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል። ያበጠው ጨጓራ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያፍናል፣ የራሱም ሥጋ መሞት ይጀምራል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምልክቶቹን በቃል መያዝ ያስፈልጋል፦ ውሻው ለማስመለስ ይሞክራል፣ ምንም አይወጣውም። ይቁነጠነጣል፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ሆዱ ይወጠራል። ይህ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ወዲያውኑ መሮጥ ነው። ከዝርያዎች ሁሉ በዚህ በሽታ በብዛት የሚጠቃው ግሬት ዴን ነው። በአንድ ጥናት ስሌት በዕድሜ ዘመኑ ከሦስት አንዱ ገደማ ይይዘዋል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ገና ጤነኛ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከማኮላሸቱ ጋር፣ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር በስፌት ማያያዝን ይመክራሉ። ስፌቱ መነፋትን አያስቀርም፤ ገዳዩን መጠምዘዝ ግን በእጅጉ ይከላከላል። ምግቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠትና ከበላ በኋላ ማሳረፍም ይረዳል። ረጅም ስለሆነ ተብሎ ሳህኑን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነበር። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ግን ከፍ ያለ ሳህን አደጋውን ከመጨመር ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘው።

የልብ ጡንቻ መድከም፣ የአጥንት ካንሰር፣ የአንገት አከርካሪ ችግርም ዝርያውን ያጠቃሉ። ቡችላ የሚገዛ ሰው የወላጆቹን የልብና የዳሌ ምርመራ ውጤት ቢጠይቅ አያሳፍርም። መልኩን አይቶ መቸኮልም አደጋ አለው። ነጭ ላይ ጥቁር የተቀዳደደ የሚመስለው ሃርለኩዊን የሚባለው ቀለም ብዙ ፈላጊ አለው። ይህ ቀለም የሚመጣው መርል ከሚባለው ዘረ መል ጋር ነው። ሁለት መርል ውሾች ከተዳቀሉ ከሁለቱም ወገን የወረሱት ቡችላዎች ብዙ ጊዜ ደንቆሮ ወይም ዓይነ ስውር ሆነው ይወለዳሉ። ዋጋ ፍለጋ ይህን የሚያደርጉ አርቢዎች አሉ።

የዕለት ኑሮው ላይ ለሃጭ አለ። ጅራቱ ሲወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያራግፋል፤ ግድግዳ እየመታ ራሱም ይደማል። ገመድ ይዞ መሄድን ገና በ15 ኪሎው ማስተማር ያስፈልጋል። በ70 ኪሎው እሱ ነው የሚወስድህ። ሙቀት ስለሚከብደው እንደ ዱባይ ባሉ ከተሞች በበጋ የሚወጣው ንጋት ላይ ወይም ማታ ነው። የሚገርመው ግን አፓርታማ ውስጥም ይኖራል፤ በቀን ሁለት ጥሩ የእግር ጉዞ ካገኘ ቀሪውን ሰዓት በእንቅልፍ ነው የሚያሳልፈው።

ቡችላ ማሳደግ የከበደው ሌላ መንገድ አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ ባለቤት ያጡ ግሬት ዴኖችን ብቻ ሰብስበው አዲስ ቤት የሚፈልጉላቸው ማኅበራት አሉ። አብዛኞቹ ውሾች የሚመጡት ጠባያቸው ከፍቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ቤት ቀይሮ ወይም ወጪው በዝቶበት ነው። ያደገ ውሻ ሲወሰድ ቁመቱም፣ ጠባዩም፣ ጤናውም አስቀድሞ ይታያል።