ዝንቡ ለማን ዓይን ነው የሚታሰረው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፍላይ ፊሺንግ የሚባል የዓሣ ማጥመድ ዘዴ አለ። መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ አይደረግም። በምትኩ ላባ፣ ጸጉርና ክር ይጠመጠምበትና ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። ሥራው ዝንብ ማሰር ይባላል። ይህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የሚወረወረው ወፈር ያለው የማጥመጃ ገመድ ነው፤ ዝንቡ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ በብዛት የሚጠመደው ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው።

ከዝንብ አሳሪዎች መካከል ነፍሳቱን ቁጭ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። እግሩ መገጣጠሚያ አለው፣ ዓይኑ ያበራል፣ ክንፉ ላይ ጅማቱ ይታያል። ፎቶውን ያየ ሰው «ይሄማ ሊነሳ ነው» ይላል። ስለዚህ ጥበብ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ነፍሳቱን ቁጭ የመሰለ ዝንብ ብዙ ዓሣ ይይዛል»

ይህ ቢሆን ኖሮ ጎበዝ እጅ ያለው ሰው ሁሌም ቅርጫቱን ሞልቶ ይመለስ ነበር። ወንዙ ግን ሌላ ሕግ አለው።

ዓሣው ዝንቡን የሚያየው እኛ ጠረጴዛ ላይ መብራት አብርተን እንደምናየው አይደለም። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን ይቀይራል። በዚህ ምክንያት ከታች ሽቅብ የሚያይ ዓሣ የውጪውን ዓለም የሚያገኘው ከራሱ በላይ ባለች ክብ መስኮት በኩል ነው። የመስኮቷ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው የውኃ ገጽ ለሱ መስታወት ነው፤ የወንዙን ወለል መልሶ ያሳየዋል። ተንሳፍፎ የሚመጣ ነፍሳት መጀመሪያ የሚደርሰው ይህ መስታወት ላይ ነው። ያኔ አካሉ አይታይም። የሚታየው እግሮቹ ውኃውን ሲጫኑት የሚፈጠሩት ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ናቸው። ትራውቱ ብዙ ጊዜ ገና እነሱን ሲያይ መነሳት ይጀምራል። ሙሉ ቀን የተለፋበት የክንፍ ጅማት በዚያች ቅጽበት ምንም አይፈይድም። ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ አንድ ላባ መንጠቆው ዙሪያ ሲጠመጠም ግን ጫፎቹ ተመሳሳይ ነጥቦችን ይሠራሉ። ላባው ለኛ እግር አይመስለንም፤ የእግሩን ሥራ ግን ይሠራል።

ሌላው ጣጣ ግትርነት ነው። ቁጭ ነፍሳቱን የሚመስለው ዝንብ ብዙውን ጊዜ ከናይለን፣ ከላስቲክና ከሙጫ ነው የሚሠራው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ተገትሮ ይቀራል። የጥንቸል ጸጉርና ለስላሳ ላባ ግን ወንዙ ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ሕይወት ያላቸው ይመስላሉ። ግትር ክንፍ ደግሞ ሲወረወር አየር ላይ ይሽከረከራል። ጫፍ ላይ ያለውን ቀጭን ክር ያጠማዝዘዋል። ከዚያ ዝንቡ ከፍሰቱ ጋር እንደልቡ መሄድ ያቅተዋል፣ ክሩ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ከፍሰቱ ውጪ እየተጎተተ የሚመጣ ነገር ትራውትን ያስጠረጥረዋል። የፈለገ ቢያምር አይበላውም።

አዳምስ የሚባለውን ዝንብ እዩ። በ1922 ሌን ሃላዴይ የተባለ የሚቺጋን ሰው ለጠበቃ ወዳጁ ለቻርልስ አዳምስ ያሰረለት ነው። ግራጫ ጸጉር ለአካሉ፣ ቡናማና ዝንጉርጉር የዶሮ ላባ ለቀሪው። በቃ። የየትኛው ነፍሳት ምስል ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የአንዱም አይደለም። ከመቶ ዓመት በኋላም በዓለም ላይ በሰፊው ከሚጠመድባቸው ዝንቦች አንዱ እሱ ነው።

እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ትልቁ ውሸት መንጠቆው ነው። ከሆዱ ስር የታጠፈ ብረት የተንጠለጠለበት ነፍሳት ተፈጥሮ አልሠራችም። ዓሣው ይህን ችላ ብሎ የሚበላ ከሆነ የእግር መገጣጠሚያ ይቆጥራል ማለት ይከብደኛል። ለሱ መጠኑ፣ የአካሉ ጥላ፣ ውኃው ውስጥ ያለበት ቦታና አካሄዱ ይበልጡበታል።

«እንግዲያው ይህ ጥበብ ለመስታወት ሣጥን ብቻ ነው»

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድን። ነገሩ እንደሚመሰለው ነፍሳት ይለያያል። ስቶንፍላይ የተባለው ነፍሳት ክንፍ ከማውጣቱ በፊት በወንዝ ድንጋዮች ስር ይኖራል። ጠፍጣፋ ነው፣ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ዋና አይሆንለትም። ፍሰቱ ከድንጋዩ ሲነቅለው ብዙ ሳይታገል ይወሰዳል። እሱን የሚመስል ጠጣር ዝንብ እንግዲህ ምኑ ላይ ይዋሻል? ዝም ባለና በጠራ ውኃ ውስጥም ዓሣው ቀርቦ ለመመርመር ጊዜ አለው፤ እዚያ ዝርዝሩ አንዳንዴ ዋጋ ያገኛል።

እንግሊዛዊው ኦሊቨር ኤድዋርድስ የሚታወቀው በዚህ መሐል መንገድ ነው። ዝንቦቹ ነፍሳቱን ይመስላሉ፣ የሚታሰሩት ግን ለወንዝ ነው። ለመስታወት ሣጥን ተብሎ የሚሠራውንም ቢሆን አልንቀውም። አንዱን ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ተራው የማጥመጃ ዝንብ ደግሞ በደቂቃዎች ያልቃል። ያን ያህል ተለፍቶበት ቋጥኝ ላይ ተቆርጦ ቢቀር ማን ይችለዋል?

«ዝንብ ማለት የሚበር ነገር ነው»

ብዙ ጀማሪ ክንፍ ያለውን ብቻ ለማሰር ይጓጓል። ትራውት ግን ከሚበላው አብዛኛውን የሚያገኘው ከውኃ በታች ነው። ምክንያቱን ለማየት የሜይፍላይን ኑሮ መመልከት ይበቃል። ይህ ነፍሳት ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚጨርሰው ኒምፍ ሆኖ ነው፤ ኒምፍ ማለት በውኃ ውስጥ የሚኖረው ክንፍ ያላወጣው ልጅ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዚህ ሁኔታ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ክንፍ አውጥቶ ከወጣ በኋላ የሚኖረው ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው። የሚበላበት አፍ እንኳን የለውም። ደግሞ ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና ቆዳውን ይቀይራል። ከነፍሳት ሁሉ የሚበር ክንፍ አውጥቶ ዳግም ቆዳ የሚቀይር እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሜይፍላይ አሰርኩ» የሚል ሰው የትኛውን ዕድሜውን እንዳሰረ መናገር አለበት።

ጉዳዩ እንግሊዝ አገር ሰው አጣልቷል። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዝንብ ነፍሳቱን በትክክል መምሰልና ውኃ ላይ መንሳፈፍ አለበት ብሎ አስተማረ። ተከታዮቹ ይህን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ጂ.ኢ.ኤም. ስኪውስ የተባለው ጠበቃ ደግሞ ከ1910 ጀምሮ በጽሑፍ ተሟገታቸው፤ ዓሣው ከታች እየበላ ከላይ ማቅረብ ምን ማለት ነው ብሎ። ሃልፎርድ በ1914 ሞተ፣ ክርክሩ ግን በ1938ም ለንደን በሚገኘው የፍላይ አጥማጆች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ገና ይካሄድ ነበር። የዓሣ ነገር ነው እንግዲህ!

ነገሩን በቀላሉ የፈታው የወንዝ ጠባቂ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፍራንክ ሶየር ይባላል። ዊልትሻየር ውስጥ የኤቨን ወንዝን ይጠብቅ ነበር። ኒምፎቹን ቀኑን ሙሉ ያያቸዋል። የሚዋኙት ኒምፎች ሲዋኙ እግራቸውን ወደ ሰውነታቸው እንደሚያጣብቁ አስተዋለ። ስለዚህ ዝንቡን ያለ እግር ሠራው። የፌዛንት የተባለችውን ወፍ የጅራት ላባና እንደ ጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ፣ ሌላ ምንም። ክር እንኳን የለውም፤ ሽቦው ያስረዋል፣ ያሰምጠዋልም። ሶየር ነፍሳቱን ከማንም በላይ በቅርበት ያየ ሰው ነበር፣ ያሰረው ዝንብ ግን ከሁሉም ባዶው ነው።

«ስድስት እግር ካለው ነፍሳት ነው፣ ማን ይቆጥራል?»

ዓሣው ላይቆጥር ይችላል። ቁጭ አስመስዬ እሠራለሁ ያለ ሰው ግን መቁጠር ግዴታው ነው። ስህተት በብዛት የሚታየው ሁለቱን ኒምፎች በማደባለቅ ላይ ነው። ስቶንፍላይ ሁለት ጅራት አለው፤ ሜይፍላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዴም ሁለት። ስለዚህ በጅራት ብቻ አትፍረዱ። የሜይፍላይ ኒምፍ እግሩ ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር ነው ያለው፣ ስቶንፍላይ ሁለት። የሜይፍላይ መተንፈሻ ስንጥብ በሆዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይታያል። የሚበሩት ሲያርፉ ደግሞ ሜይፍላይ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ስቶንፍላይ ጀርባው ላይ ጠፍጥፎ ያስተኛል፣ ካዲስ የሚባለው ሌላ ነፍሳት ደግሞ እንደ ቤት ጣሪያ ያዘነብላል። ይህን ያላየ ሰው በሙጫ የቱንም ያህል ቢያሳምረው በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ነው የሚሠራው።

«ብርቅዬ ላባ ከሌለህ አትጀምር»

ይህ ወሬ የመጣው ከሌላ መንደር ነው፤ ከቪክቶሪያ ዘመን የሳልሞን ዝንብ። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ለመራባት ከባሕር ወደ ወንዝ ሲመለስ መብላት ያቆማል። ዝንቡ የሚታሰርለትም ምግብ እንዲመስል አይደለም፣ በቀለም ለማስቆጣት ነው ይባላል። ስለዚህ አሳሪዎቹ ከየሐሩር ደኑ በመጡ ወፎች ላባ ይፎካከሩ ነበር። ሱሱ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። በ2009 እንግሊዝ አገር ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች ተሰርቀዋል፤ ሌባው የሳልሞን ዝንብ አሳሪ ነበር።

ነፍሳት አስመስሎ ለመሥራት የዚህ ሁሉ አንዱም አያስፈልግም። ነፍሳት በአብዛኛው ቡናማ፣ አረንጓዴና ግራጫ ነው። ዓይን ከፈለጋችሁ የናይለን ክር ጫፍ በላይተር ይቃጠላል፣ ወዲያው ድቡልቡል ይሆናል። ለእግር የፌዛንት ላባ ክር አንድ ጊዜ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ጉልበት ይሆናል። የቀለም ብሩሽ ጸጉርም በጋለ ፒንሳ ሲያዝ የታጠፈበት ይቀራል። የዝንቡን ሰውነት ጠፍጣፋ ለማድረግ መንጠቆው ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይታሰራል። መንጠቆውን የምትይዝ ትንሽ ሞርሳ፣ ስለታም መቀስ፣ ክር፣ ሰም። የዶሮ ላባ የት እንደሚገኝ ለሐበሻ አልነግርም፤ በዓል ይበቃል።

«ዓሣ ቀለም አያይም»

ትራውት ቀለም በደንብ ያያል። ግን ውኃ ላይ የተንሳፈፈው ዝንብ ከሰማይ ጋር ሲታይ ጥላ ነው የሚሆነው፣ ጥልቀት ሲጨምር ደግሞ ቀዩ ቀድሞ ይጠፋል። ጸጉርና ክር ሲረጥቡ ይጠቁራሉ። ቀለም ስትመርጡ አርጥባችሁ ምረጡ።

«የእንግሊዝ መኳንንት ፈጠራ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ማሽን ይሠራዋል»

ሁለቱም ስህተት። በ200 ዓ.ም. ገደማ የሮማው ጸሐፊ ኤሊያን የመቄዶንያ ሰዎች በአስትሬዮስ ወንዝ መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። እውነተኛውን ነፍሳት ያልተጠቀሙት የሰው እጅ ሲነካው ስለሚበላሽባቸው ነው። ሰው ሠራሹ ዝንብ የመጣው በችግር ነው ማለት ነው።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ዝንቦች ዛሬም በእጅ ነው የሚታሰሩት። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሚመጡት ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። እዚያ ይህን ሙያ መተዳደሪያቸው ያደረጉ አሳሪዎች አሉ፣ ሥራቸውም ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላካል። በ1960ዎቹ ትራውት ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች የመጣውም ከኬንያ ነው፤ ዌብና ዳንካ ውስጥ አሁንም አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ድንጋይ ብትገለብጡ በብዛት የምታገኙት ቤቲድ የሚባሉትን ትንንሽ የሚዋኙ የሜይፍላይ ኒምፎች ነው። ሶየር ዝንቡን ያለ እግር ያሰረው ለነሱ ቤተሰብ ነው። ለባሌ ማሰር የሚፈልግ ሰው ከዚያ ይጀምር፤ በቁጥር 16 መንጠቆ፣ በትንሽ ላባና በመዳብ ሽቦ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ሱቅ ስትገቡ አትርሱ።