ታዳጊ ካረገዘች ቁመቷ ይቆማል?

ይህ ጥያቄ በአራት ኪሎ ሰፈራችን እናቶች መካከል ተመላልሷል። አንዷ «ካረገዘች አበቃ፣ አታድግም» ትላለች። ሌላዋ «ሆርሞኑ እንዲያውም ያስረዝማታል» ባይ ናት። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት።

አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ ክፍል ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በጉርምስና መጀመሪያ እድገቱን ያፋጥናል። ሲቆይ ግን ያንኑ ቦታ ራሱ ያደነድነውና ይዘጋዋል። የወር አበባ ከመጣ በኋላ እድገት የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ ወዲያው ግን አይቆምም። በእርግዝና ደግሞ ኤስትሮጅን በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

እስቲ የ15 ዓመት ነፍሰ ጡር እናስብ። የወር አበባ ያየችው በ14 ከሆነ ገና ልታድግ ትችላለች። በ11 ካየች ግን የቀራት ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ቁመቷ ላይ የሚመጣው ለውጥ እንደ ልጅቷ ይለያያል። (በነገራችን ላይ፣ ነፍሰ ጡርን ግድግዳ አስደግፎ መለካት ያሳስታል። ወገቧ ስለሚሰረጉድ ያጠረች ትመስላለች። አጥኚዎች ከጉልበት እስከ ተረከዝ የሚለኩትም ለዚህ ነው።)

ከቁመቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ምግቡ ነው። ገና እያደገች ያለች ልጅ ከፅንሱ ጋር ትሻማለች። ክብደቷ ደህና ቢጨምርም ልጁ አነስ ብሎ ሊወለድ ይችላል። የደም ማነስም ያሰጋታል። ጤና ጣቢያ ክትትል ስትጀምር አይረን (ብረት) እና ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ይሰጧታል። እንክብሉን በሻይ ወይም በቡና እንዳትውጠው ንገሯት፤ ሰውነቷ ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ።