ምጣድ፣ ቦይለርና የቆርቆሮ ጣሪያ፦ ስለ ቤት ኃይል ቁጠባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ከተሻሻለ፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ ስለ ቆጣሪው ብዙም የማይጨነቀው ቤተሰብ ሁሉ ስለ ቁጠባ መነጋገር ጀምሯል። መነጋገሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ጥንቃቄ የሚያርፈው ትርፍ በሌለበት ቦታ ነው። በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ሂሳቡን የሚያንረው ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ምጣድ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያና ካውያ። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማስተዋል የሚመጡ ናቸው።

«አምፖል ካጠፋን ሂሳቡ በእጅጉ ይቀንሳል»

ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢበራ በቀን 0.045 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ) ይወስዳል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ2 ሰዓት ሲሠራ ግን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በአንድ ጋገራ የወጣው ኃይል ያንን አምፖል ከ5 ወር በላይ ሊያበራ ይችል ነበር ማለት ነው። አሮጌ ባለ ሽቦ አምፖል የቀረበት ቤት ካለ መለወጡ ያዋጣል፤ የዚያ ዓይነቱ አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነውና። ሁሉንም በኤልኢዲ የለወጠ ቤት ግን ከመብራት የሚያገኘውን ቁጠባ ከሞላ ጎደል ጨርሶታል፤ ልጆቹን በኮሪደር መብራት ዕለት ዕለት መቆጣት ከዚያ በኋላ ለሥርዓት ካልሆነ ለኪስ ብዙም አይጠቅምም።

ነገሩን የሚያከብደው ታሪፉ በእርከን የተከፋፈለ መሆኑ ነው። ወሰኖቹ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆኑ፣ ወርኃዊው ፍጆታ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር ወደ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚያወጣ፣ ሌላ ምንም ዕቃ ባይኖረው እንኳ በምጣዱ ብቻ የመጀመሪያውን እርከን ያልፋል።

«የመብራት ኃይል ሲደክም ቆጣሪው አብዝቶ ይቆጥራል»

ይህ አባባል በከፊል ስሕተት፣ በከፊል ደግሞ እውነት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የምጣድ ሽቦ ቮልቴጅ ሲወርድበት፣ ማለትም መብራቱ ሲደክም፣ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም ቮልቴጁ ከወረደበት ፍጥነት በላይ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ፣ ማለትም አንድ አምስተኛውን እንኳ ሳያጣ፣ የምጣዱ ኃይል ከ3.5 ወደ 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ቆጣሪው የሚቆጥረው በዝግታ ነው፤ «ቆጣሪው ይሰርቃል» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ይሁን እንጂ ስትጋግር የዋለችው እናት ቅሬታ ያለ ምክንያት አይደለም። የጋለ ሸክላ እንጀራ ቢጋገርበትም ባይጋገርበትም ከላይም ከታችም ሙቀት ይተፋል። ለምሳሌ ያህል ይህ ብክነት 1 ኪሎ ዋት ነው ብንል፣ በሙሉ ቮልቴጅ ለሊጡ የሚተርፈው 2.5፣ በደከመ ቮልቴጅ ግን 1.3 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል። አንድ እንጀራ ለማብሰል ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ በመጨረሻ ለዚያው እንጀራ የሚቆጠረው ኃይል በሩብ ያህል ይጨምራል። ዓይን ሳያወጣ የቀረውና የተጣለው እንጀራ ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው። መፍትሔውም ሰዓት መምረጥ ነው፦ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት በበዓል ዋዜማና በምሽት ከመጋገር ይልቅ ማለዳ ወይም በሥራ ቀን ረፋድ ላይ መጋገር ይሻላል።

«ምጣድ ያው ምጣድ ነው»

በእያንዳንዱ ጋገራ መጀመሪያ ላይ ሸክላውን ለማጋል የሚወጣው ኃይል አንድ እንጀራ ሳይወጣ የሚጠፋ ነው። አሥር እንጀራ ቢጋገርም ሠላሳ ቢጋገርም ይህ ወጪ ያው ስለሆነ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ አንዱ ቤት እንደጨረሰ ሌላው በዚያው በጋለው ምጣድ ላይ መቀጠል ግልጽ ትርፍ አለው። አክንባሎው በደንብ የማይገጥም ከሆነ እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ከተነቀለ በኋላም ይበስላሉ። ምጣድ የሚገዛ ሰው ከውጫዊው ቆርቆሮ ማማር ይልቅ ከሽቦው በታች ሙቀት የሚያግድ ንጣፍ መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ ሻጮች ይህን ሳይጠየቁ እምብዛም አያነሡትም።

«ቦይለርን እንደበራ መተው አጥፍቶ ከማብራት ይቆጥባል»

ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለርም ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጽማል። ውሃው ከሞቀ በኋላ ግን ማንም ባይታጠብበትም ሙቀቱ በጋኑ ግድግዳ በኩል ይወጣል፤ የሚወጣው ሙቀትም ውሃው በሞቀ መጠን ይበዛል። ቀዝቅዞ የቆየ ውሃ ወደ ውጭ የሚያጣው ሙቀት ስለሌለ፣ ጠዋት ዳግም ለማሞቅ የሚወጣው ኃይል ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚወጣው ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ምንጊዜም ያነሰ ነው። ቤተሰቡ ከመታጠቡ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ማብራትና ቀድሞ ማጥፋት ይበቃል። ገላ በማይታጠቡበት ሙቀት አሙቆ በቀዝቃዛ ውሃ ማለዘብም ትርፍ ስለሌለው፣ መቆጣጠሪያውን ወደ 55 ወይም 60 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይመከራል።

«ፍሪጅን ሌሊት መንቀል ይቆጥባል»

ስለ ቦይለር የተባለው እዚህም ይሠራል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ነገር ግን ቦይለር ቢቀዘቅዝ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ፍሪጅ ቢሞቅ ግን ሥጋውና ወተቱ ይበላሻሉ። የሚቆጠበው ጥቂት ኃይልም የሚገኘው ምግቡ በሞቀ መጠን ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የበሩን ጎማ መፈተሽ ይሻላል፦ ወረቀት በበሩ መካከል አድርገው ሲዘጉ ወረቀቱ ያለ ተቃውሞ ከወጣ ጎማው ሙቀት ያስገባል። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ አለማስገባትና ጀርባውን ከግድግዳ ማራቅም ይረዳል።

«ሶኬት ላይ የተረሳ የስልክ ቻርጀር ይበላል»

ዘመናዊ ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት ከግማሽ ዋት በታች ስለሚወስድ ዓመቱን ሙሉ ቢረሳ እንኳ ፍጆታው ከአንድ ጋገራ ያንሳል።

«ከሰል ከኤሌክትሪክ ይረክሳል»

ይህን እያንዳንዱ ሰው በሰፈሩ ዋጋ ሊያሰላው ይችላል። 1 ኪሎ ግራም ከሰል 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ ድስቱ ጋ የሚደርሰው በተራ የቆርቆሮ ማንደጃ ቢበዛ ሩቡ፣ ማለትም 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚወስደው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለድስቱ ስለሚያደርስ፣ 1 ኪሎ ግራም ከሰልን ለመተካት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። የ1 ኪሎ ግራም ከሰል ዋጋ በሚከፍሉበት እርከን ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይረክሳል። መብራት ሲጠፋ ከሰል የማይቀር በመሆኑ፣ ሙቀቱን በሸክላ የሚይዘው ላቀች ምድጃ ከተራው ማንደጃ ይመረጣል። በእንጨት ለሚጋግሩ ደግሞ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

«ብርድ የሚሸነፈው በማሞቂያ ነው»

በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ግን በአብዛኛው ለብ ያለ ነው። ስለዚህ የብዙ ቤት ችግር የቀኑን ሙቀት እስከ ሌሊት ማቆየት አለመቻሉ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ እኩለ ቀን ላይ ቤቱን ያግላል፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ የሌለው ቤት በሁለቱም ይጎዳል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚቀረው አየር ቀኑን ያበርዳል፣ ሌሊቱን ያሞቃል፤ ያውም ያለ ምንም ወርኃዊ ክፍያ።

ብዙ ሰው ግን በዚህ ፈንታ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል፤ «ጭሱ ከጠፋና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚለው እምነትም ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስም ሽታም የለውም፤ የቀላ ፍምም ያመነጨዋል። የበርና የመስኮት ክፍተት በደንብ የተደፈነበት ቤት ውስጥ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ክፍተት ለመድፈን የወሰነ ቤተሰብ አስቀድሞ ከሰሉን ከመኝታ ክፍል ለዘለቄታው ማውጣት አለበት። ኮርኒስ ለማሠራት ለጊዜው አቅም የሌለው በበሩ ሥር ባለው ክፍተትና በመስኮቱ ጠርዝ ይጀምር፤ ወፍራም መጋረጃ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ቢዘጋ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል ቢከፈት፣ ኮርኒሱ እስኪደርስ ድረስ ልዩነቱ ይታወቃል።